በአንድ ቁና

አያቴ አኮ ቅዳሜ ከአምቦ ገበያ ስትመለስ በመጀመሪያ የምታወራልን ስለ እህል ዋጋ አልነበረም፤ ስለ ቁና ነበር። ነጋዴዎቹን የምትለያቸው በስማቸው ሳይሆን በመስፈሪያቸው ነው። ከገበሬ ሲገዛ ሆዱ በሰፋ ቁና ከምሮ የሚሰፍር፣ ለከተማ ሰው ሲሸጥ ግን ጠበብ ያለውን አውጥቶ አፉን በመዳፉ ጠርጎ የሚሰፍር ነጋዴ ነበር። "ባለ ሁለት ቁና" ትለዋለች። ከሌባ ይልቅ እርሱን ትጸየፈው ነበር፤ ሌባ የወሰደውን "ሰፍሬ ነው የወሰድሁት" አይልምና።

አኮ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆነ። ያ ቃሏ ግን ከገበያው ይልቅ በሃይማኖት ነገር እየተመለሰ ያገኘኛል።

ያደግሁበትን ቤት ልንገራችሁ። እናቴ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛ ነበረች፤ እኔም በአርባ ቀኔ ክርስትና የተነሣሁ፣ ዛሬም በዚያው ያለሁ ሰው ነኝ። ታላቅ እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች መካነ ኢየሱስ ገባች። በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑን ባለ ሱቅ ሐጂ ናቸው፤ እናቴ በጨነቃት ጊዜ ሁሉ መጀመሪያ የምትጠራው እርሳቸውን ነበር። አኮ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን ትጾም፣ በምጥ ጊዜ ማርያምን ትጠራ፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ዋቃን፣ በኦሮምኛ ፈጣሪን፣ ልታመሰግን እርጥብ ሣር ይዛ ከሴቶቹ ጋር ወደ መልካው፣ ወደ ወንዙ ዳር፣ ትወርድ ነበር። ሁለቱ እንደሚጋጩባት አንድም ቀን ስትናገር አልሰማሁም።

ይህ የእኛ ቤት ብቻ ጠባይ አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አምቦ የሚገባውን፣ ከዚያም በጉደርና በጌዶ አድርጎ ወደ ባኮ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ያየዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ብለው ጀምረውት ቤተ ክርስቲያን የሆነው የአዲስ ዓለም ማርያም በዚህ መንገድ ላይ ነው። ወደ ደቡብ ሲታጠፉ በወንጪ ሐይቅ መካከል ባለችው ደሴት የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የሜጫ ኦሮሞ ሕግ እንደ ታወጀበት የሚነገርለት ኦዳ ቢሲልም፣ የሕግ አውጪው የመኮ ቢሊ ስም የሚጠራበት፣ በዚሁ በምዕራብ ሸዋ ነው። የስዊድኑ አጥኚ ካርል ኤሪክ ክኑትሰን በ1967 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ የተጻፈው ስለ ሜጫ ቃሉዎች፣ ስለ ሃይማኖት መሪዎቻቸው፣ ነበር። በየከተማው የመስጊድ ሚናራ አለ፣ እሑድ ጠዋት የወንጌላውያን መዝሙር አለ። አንድ ልጅ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ ስለ እግዚአብሔር እርስ በርሳቸው የማይስማሙ አራት ነገሮችን ሰምቶ ይደርሳል።

በቤታችን ክርክር ሲነሣ እናቴ የምታበርደው በአንድ ቃል ነበር፦ "ፈጣሪ አንድ ነው፤ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ጠጡ።" እርሷ ሰላም እየፈጠረች ነበር፤ ለዚያም ነፍሷን ይማርልኝ። እኔ ግን ቃሏን ከቡናው ዙሪያ አውጥቼ ፍልስፍና አደረግሁት። ወጣት ሳለሁ ሃይማኖቶች ሁሉ አንድ ናቸው ብዬ የምከራከር ነበርኩ፤ ምሳሌዬም በእጄ ነበር። የአምቦን ውሃ ከብቱን የሚነዳው ሰው ሆራ ይለዋል፤ በጸሎት የሚቀርበው በረከቱን ይሻል፤ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በጠርሙስ ታሽጎ በመላ አገሪቱ ይሸጣል። ስሙና ዕቃው ይለያያል እንጂ ከምድር የሚወጣው አንድ ነው፤ ሃይማኖትም እንዲሁ ነው እል ነበር። ምሳሌዋን በጣም እወዳት ነበር።

አንድ ቀን ለሐጂ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ፣ "ልጄ፣ የሆራው ውሃ አንድ መሆኑን የምታውቀው ምንጩን ስላየኸው ነው። የሃይማኖቶቹን ምንጭ ማን አይቶት ነው አንድ ነው ያልከን? እኔ ነቢዬ ያስተማሩኝን ብቻ ነው የያዝሁት፤ አንተ ግን ከእኔም፣ ከቄሱም፣ ከፓስተሩም በላይ ቆመህ ሁላችንንም ወደ ታች አየኸን" አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። እኔ ግን አፍሬ ወጣሁ፤ ትሕትና ይመስለኝ የነበረው ነገር ለካ ከሁሉም የሚበልጥ ኩራት ነበር።

ከዚያ ወዲህ "ሁሉም አንድ ነው" ማለት ሰውን እንደሚያቀል አየሁ። እያንዳንዳቸው ከሁሉ አብልጠው የሚወዱትን ነገር ብታስተውሉት፣ ሌላው የሚከራከረው ያንኑ ነው። ሐጂ ከሃይማኖታቸው ምን ይወዳሉ ቢባል የአላህ አንድነት ነው፤ አለመውለዱ፣ አለመወለዱ፣ ምንም የማይመስለው መሆኑ። ሲናገሩት ድምፃቸው ይለወጣል። እኔ ደግሞ የምወደው የስቅለትን ዓርብ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጉልበቴ እስኪንቀጠቀጥ ስሰግድ፣ ልቤን የሚይዘው አምላክ ለእኔ ሲል ዝቅ አለ፣ ተገረፈ፣ በመስቀል ሞተ የሚለው ነው። ይህን ከእምነቴ ብታወጡልኝ የሚቀረኝን አላውቀውም። ለሐጂ ግን ይህ ለአምላክ የማይገባ ነገር ነው፤ ቁርአኑም በአራተኛው ሱራ ኢየሱስ እንዳልተሰቀለ ይናገራል። እህቴ የምትወደው ጸጋውን ነው፤ በእርሷና በክርስቶስ መካከል ማንም አለመቆሙን። ያ ደስታዋ ደግሞ እኔ የምወዳቸውን የቅዱሳንን አማላጅነት ያስወጣል። አኮ የምትወደው ዋቃ ያለ መጽሐፍ በዝናብና በለምለም ሣር የሚናገር መሆኑን ነበር። እንግዲህ አንድ ናችሁ ብሎ ማስማማት ከአራቱም ላይ የልባቸውን ነገር ነጥቆ ትርፉን ማካፈል ነው።

ደግሞም በቀጥታ የሚጋጩ ነገሮች አሉ። ኢየሱስ በጴንጤናዊው ጲላጦስ ዘመን ተሰቅሎ ሞቷል ወይም አልሞተም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ እኔም ሐጂም ይህን ስለምናውቅ ነው የምንከባበረው።

የአገራችን ድግስ ይህን ከእኔ ፍልስፍና በፊት ያውቀዋል። ክርስቲያን ልጁን ሲድር ሙስሊም ጎረቤቶቹን ይጠራል፤ ለእነርሱ ግን በጉን ወይም ወይፈኑን ሳያርድ ይሰጣል። ራሳቸው በራሳቸው ስም ባርከው ያርዱታል፤ ድስቱ ለብቻ ነው፣ ቢላዋው ለብቻ ነው፣ የምትሠራውም ሙስሊም ሴት ናት። ሙስሊሙም ሲያገባ እንደዚያው ያደርጋል። በአንድ ዳስ ሥር ይዘፈናል፣ ይመረቃል፣ ይለቀሳል፤ ሥጋው ግን ሁለት ነው። የለየለት መለያየት ነው የሚል አለ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ድስቱን ለይቶ የሚያስቀምጥ ሰው "እምነትህ ለአንተ እውነተኛ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለምወድህም አላታልልህም" እያለ ነው። ሥጋውን ቀላቅሎ አብልቶ "ምን ልዩነት አለው?" የሚል ሰው ነው ጎረቤቱን የናቀው።

ልዩነቱ እውነት ከሆነ ታዲያ መመዘኑ አይቀርም። የአኮ ቁና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ከእህቴ ጋር ስለ መጻሕፍት ቁጥር ስንከራከር ብዙ ዘመን አልፏል። እርሷ ስድሳ ስድስት ትላለች፣ እኔ ሰማንያ አንድ። "መጽሐፈ ሄኖክን ከየት አመጣችሁት?" ትለኛለች። እኔም እመልስላታለሁ፦ የይሁዳ መልእክት በአሥራ አራተኛው ቁጥር ሄኖክን ይጠቅሳል፤ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ተገኝተዋል፤ ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው ግን የእኛ ግዕዝ ነው። ከዚያ ተራዬን እወስዳለሁ፦ "ስድሳ ስድስት የሚል ዝርዝር ከስድሳ ስድስቱ በየትኛው ላይ ተጽፏል? ያለ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ማን ቆጥሮ ሰጠሽ?" ብዙ ጊዜ በዚህ አሸንፌ የተነሣሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ግን ያንኑ ጥያቄ ወደ ራሴ መለስኩት። ሰማንያ አንድ የሚለው ቁጥር በእኛ ዘንድ የጸና ነው፤ የትኞቹ መጻሕፍት ተቆጥረው ሰማንያ አንድ እንደሚሞላ ግን ዝርዝሮቹ ይለያያሉ። ይህን የሚያውቁት የራሳችን ሊቃውንት ናቸው፤ እኔም አውቀው ነበር። ከእህቴ ጋር ስነጋገር ብቻ አላነሣውም። ለእርሷ ሰፊውን ቁና ከምሬ፣ ለራሴ ጠባቡን ጠርጌ እሰፍር ነበር። የአኮን ፊት ያን ዕለት እንደገና ያየሁት መሰለኝ።

ከሐጂ ጋር የነበረው ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። አንድ ሰሞን የእስልምና ተከራካሪዎች ንግግር እሰማ ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስን የሚተቹት የምዕራብ ሊቃውንት ባገኙት ነገር ነው። የማርቆስ ወንጌል መጨረሻ፣ ከምዕራፍ 16 ቁጥር 9 ጀምሮ ያለው፣ በቫቲካንና በሲና የተገኙት የአራተኛው መቶ ዘመን የግሪክ ብራናዎች ላይ የለም ይላሉ። እውነት ነው፣ የለም። የክርስቲያን ተከራካሪዎችን ስሰማ ደግሞ ኸሊፋው ዑስማን አንዱን ቅጂ አጽድቀው ሌላውን እንዲቃጠል አዘዙ፤ በሰንዓ ታላቅ መስጊድ በ1972 እ.ኤ.አ. ከተገኙት ብራናዎች በአንዱ ላይ፣ በተፋቀው የሥር ጽሑፍ የተለየ ንባብ ታየ ይላሉ። ይህም እውነት ነው። የሚገርመው ሁለቱም ወገን የሌላውን መጽሐፍ በሊቃውንት መሣሪያ ሲቆርጥ መዋሉ፣ መሣሪያው ወደ ራሱ መጽሐፍ ሲዞር ደግሞ "የእምነት ጠላቶች ሥራ ነው" ማለቱ ነው።

ሐጂን ስጠይቃቸው አልተደናገጡም። የዑስማንን ነገር የሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ ራሱ የመዘገበው መሆኑን፣ የተደረገውም ሙስሊሙ በንባብ እንዳይከፋፈል መሆኑን፣ ቁርአን በልብ የሚያዝ እንጂ በወረቀት ብቻ የሚኖር አለመሆኑን አስረዱኝ። ከዚያም "የእናንተን የማርቆስ ነገር አንተ እንዴት ታየዋለህ?" አሉኝ። የቻልኩትን ያህል ነገርኳቸው፦ የትንሣኤው ምስክርነት በዚያ ክፍል ላይ ብቻ የቆመ አይደለም፤ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ከወንጌሎቹ እንኳ ይቀድማል። አንዳችን ሌላውን አላሳመንም። ግን በዚያ ቀን ሁለታችንም የሰፈርነው በአንድ ቁና ነበር፤ የነገሩኝን በራሴ መጽሐፍ ላይ ልሰማው በምፈልገው መንገድ ሰማኋቸው።

ስለ ሁለት መስፈሪያ ሁለቱም መጻሕፍት ተቆጥተው መናገራቸውን ያስተዋልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ኦሪት ዘዳግም በ25ኛው ምዕራፍ በቤትህ ትልቅና ትንሽ መስፈሪያ አይኑርህ ይላል። ቁርአንም ለዚህ ራሱን የቻለ ሱራ አለው፤ 83ኛው፣ አል-ሙጠፊፊን፣ ሲቀበሉ ሞልተው ሲሰጡ አጉድለው ለሚሰፍሩት ወዮላቸው ብሎ ነው የሚከፈተው። በተራራው ስብከት መስፈሪያው ከእህል ወጥቶ ወደ ፍርድ ይገባል። ሐጂ ይህን ስነግራቸው ፈገግ ብለው፣ "አንተም እንደ እኔ ባለ ሱቅ ብትሆን ኖሮ ቀድመን እናገኘው ነበር" አሉኝ።

ከሁሉ ይልቅ የበደልኩት ግን አኮን ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት በገባሁበት ዘመን ሣሩን ይዛ ስትወርድ አይቼ "አኮ፣ ይህ እኮ ባዕድ አምልኮ ነው፤ ውሃ ይመለካል?" አልኳት። "ውሃውን ማን አመለከ? የውሃውን ጌታ ነው እንጂ" አለችኝ፤ ሌላ አልተናገረችም። እኔም አላመንኳት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ሰው ስለ ሥዕልና ስለ መስቀል፣ "እንጨት ትሳለማለህ" ብሎ ሲተቸኝ የመለስኩለት ቃል ምን እንደ ነበር ታውቃላችሁ? "እንጨቱን ማን አመለከ? የተሰቀለበትን ነው እንጂ።" የአኮን መልስ ነበር መልሼ የተናገርኩት። ለራሴ እንዲታመንልኝ የምፈልገውን ለእርሷ ነፍጌያት ነበር። ይህን ሳልነግራት ሞተች።

አሁንም ቢሆን ዋቄፈና፣ ያ የአኮ የዋቃ አምልኮ፣ እና የእኔ እምነት አንድ ነው አልልም። ዋቄፈና ነቢይ ልኮ፣ መጽሐፍ ሰጥቶ፣ ሥጋ ለብሶ የመጣ አምላክን አይናገርም፤ እኔ ደግሞ ያንን ነው የማምነው። መለየቱ ሐሰት አልነበረም። ሐሰት የነበረው እርሷ ስለ ራሷ አምልኮ የምትለውን ሳልሰማ ስለ እርሷ መፍረዴ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ከማንም ይልቅ የማደንቀው አንድ ተርጓሚ አለ፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ። በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ገደማ በኢሉባቦር ሁሩሙ ተወለደ፤ በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ በስዊድን ወንጌላውያን እጅ ተማረ። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ተቀመጠ። በቋንቋው ረገድ ትልቁን ድካም የደከመችለት አስቴር ገኖ ናት፤ እርሷም ከባርነት ነፃ የወጣች ሴት ነበረች። አዲስ ኪዳኑ በ1893 ወጣ፤ ሙሉው መጽሐፍ ደግሞ በ1899 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ሳንክት ክሪሾና ታተመ፤ ፊደሉ የግዕዝ ፊደል ነበር።

እስቲ በዚያ ጠረጴዛ ፊት ራሳችሁን አስቀምጡ። የዘፍጥረት የመጀመሪያው ቁጥር ላይ ገና ሳይራመድ "እግዚአብሔር"ን ምን ይበለው? የውጭ ቃል ተውሶ ሊያስገባ ይችል ነበር። እርሱ የአያቶቹን ቃል ወሰደ፤ ዋቃ፣ ዋቀዮ። ለአኮ ዝናብ የሚሰጠው፣ ሣር ይዘው የሚያመሰግኑት ዋቃ፣ በኦኔሲሞስ መጽሐፍ ሰማይና ምድርን የፈጠረው፣ ልጁን የላከው ሆነ። ዛሬ በጉደርም በጌዶም የወንጌላውያኑ ጸሎት፣ የኦርቶዶክሱ የኦሮምኛ ቅዳሴ፣ የመልካው ምስጋና የሚጠሩት ስም አንድ ነው።

ስሙ አንድ በመሆኑ እምነቱ አንድ ሆነ ማለት ግን አይደለም፤ ይህን ብዙ አስቤበታለሁ። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ መንገደኛ ይከራከራሉ እንበል፤ አንዱ "የአባቴ ወዳጅ ነው" ይላል፣ ሌላው "አይደለም፣ እንግዳ ነው" ይላል። ክርክሩ የሚኖረው የሚናገሩት ስለ አንዱ ሰው ስለሆነ ነው፤ ስለ ሁለት ሰው ቢያወሩ ኖሮ የሚከራከሩበት ነገር አይኖርም ነበር። ኦኔሲሞስ ዋቃ ብሎ ሲጽፍ ለወገኖቹ፣ "የማታውቁትን አላመጣሁባችሁም፤ የምታውቁት ስላደረገው ነገር ግን የምነግራችሁ አለ" ማለቱ ነበር። ይህ አክብሮትም ነው፣ ሙግትም ነው። እርሱ ራሱ በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ ተመልሶ ሲያስተምር በአካባቢው ካህናት ተከሶ እስከ አቡነ ማቴዎስና እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ቀረበ፤ በአደባባይ መስበክ ተከለከለ። በ1931 እ.ኤ.አ. ነቀምት ላይ አረፈ። የእኔ ቤተ ክርስቲያን ካህናት ናቸው የከሰሱት፤ ይህንንም በዚያው ቁና ልሰፍረው ይገባኛል።

በአገራችን የሃይማኖት እውነት ብዙ ዘመን የተሰፈረው በመንግሥት ቁና ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. ካቶሊክ መሆናቸውን አሳወቁ፤ በ1632 ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ የቀደመውን መለሱ። በ1878 እ.ኤ.አ. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ በሸዋ ጸንቶ የነበረው የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዙ። በዚያ ዘመን የተሸነፈው ወገን ስለ ተሸነፈ ብቻ ሐሰተኛ አይሆንም፤ ያሸነፈውም ስለ አሸነፈ እውነተኛ አይሆንም። የዛሬው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖትን ነፃነት ደነገገ፤ ቁናው ከጃንሆይ እጅ ወጥቶ እያንዳንዳችን እጅ ገባ።

በሱስንዮስ ዘመን ስለ ነበረ አንድ ሰው የሚናገር ሐተታ አለ፤ የዘርዓ ያዕቆብ። ሰውየው ፈረንጆቹ እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያኑ ደግሞ እንዲህ ይላሉ እያለ ሁለቱንም ሳያዳላ ያስተምር ስለ ነበር በሁለቱም ተጠላ፤ ሸሽቶ በዋሻ ሁለት ዓመት ሲቀመጥ፣ ሁሉም የእኔ ብቻ ትክክል ነው ካለ ዳኛው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ድርሳኑን የጻፈው በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ያገኘሁት ያለው ጣሊያናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ያነሣው ይህ ክርክር ዛሬም አላለቀም። እዚህም ላይ ሁለት ቁና አይቻለሁ። የእኛ ነው ብሎ ስለሚያኮራን ብቻ ማስረጃ ሳናይ የምንሟገት አለን፤ ኢትዮጵያዊ እንዲህ ሊያስብ አይችልም በሚል ስሜት የሚክድም አለ። የዋሻውን ጥያቄ ማንም ይጻፈው፣ ጥያቄው የእኔ ነው።

መልሴን ልናገር። ሐረር ጀጎል ተወልጄ ቢሆን ሙስሊም ሆኜ የማድግ ነበርኩ፤ ይህን አልክድም። ይህ ብዙዎችን ወደ መጠራጠር ይወስዳቸዋል። ነገር ግን የማባዛትን ሠንጠረዥም ያገኘሁት እዚያ በተወለድሁበትና በተማርሁበት ነው፤ ከየት እንደ ተቀበልሁት እውነትነቱን አይጨምርለትም አይቀንስለትምም። የተወለድኩበት ነገር ለእምነቴ ምስክር አይሆንም፤ ልመረምረው ግን ያስገድደኛል። መርምሬዋለሁ፤ በፍርሃትም ጭምር። ስመረምር ያነበብኩት የራሴን ወገን መልስ ብቻ እንዳይሆን ተጠንቅቄያለሁ። ከዚያ በኋላ የተሰቀለው ጌታ እውነት ነው እላለሁ። ቁና የሚይዝ ሰው መጨረሻ ላይ ስንት እንደ ሆነ መናገር አለበት፤ ሰፍሮ ሰፍሮ ቁጥሩን የማይናገር ሰው ገበያውን ማጉላላት ነው ሥራው። ይህን ስል ሐጂ ተሳስተዋል ማለቴ ነው። እርሳቸውም እኔ መሳሳቴን ያምናሉ። ሁለታችንም ይህን በአንድ ሲኒ ቡና ላይ ተነጋግረነዋል።

በእርሳቸው ቤት ስለ ነጃሺ የሚነገረው ደስ ይለኛል። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከመካ የተሰደዱት ሙስሊሞች በአክሱሙ ንጉሥ ፊት ሲቆሙ ከመካከላቸው ጃዕፈር የመርየምን ሱራ አነበበ፤ ንጉሡ ጺሙ እስኪረጥብ አለቀሰ፤ አሳልፎም አልሰጣቸውም። በሙስሊሞች ትውፊት ንጉሡ በኋላ ሰልሟል፤ ሲሞትም ነቢዩ ከሩቅ ሰገዱበት። በእኛ በኩል ይህ አይታወቅም። አንድ ንጉሥ ነው፣ በሁለት ቤት ሁለት ሞት ሞቷል። እኔ ግን የምቆመው ከዚያ በፊት ባለው ቦታ ላይ ነው፤ አንድ ክርስቲያን ንጉሥ የሌላውን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ሲያዳምጥ።

ሰውየው እኮ መጀመሪያ ያደረገው ማዳመጥ ነው። እኔ በሃምሳ ዓመቴ ቁርአንን ከተከራካሪዎች ጥቅስ ውጭ አንብቤው አላውቅም ነበር። በ1961 ዓ.ም. የታተመ የአማርኛ ትርጉም አለ፤ ሐጂ ቤት ከሱቁ በላይ ባለው መደርደሪያ በጨርቅ ተጠቅልሎ ኖሯል። ባለፈው ዓመት ተዋዋልን። እኔ የእርሳቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እርሳቸውም አራቱን ወንጌሎች፤ ሌላው ስለ መጽሐፉ የሚለውን ሳንሰማ እንዳንተች፤ ለራሳችን የማንጠይቀውን ጥያቄም እንዳንጠይቅ። እህቴ ስትሰማ ሄኖክን ልታነብ ከእኔ ወሰደች።

የምናነበው ማታ ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ነው። ሐጂ ማቴዎስን፣ ማርቆስንና ሉቃስን ጨርሰው ዮሐንስን ጀምረዋል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ብዙ ቀን ቆመዋል። እኔ የመርየምን ሱራ ባለፈው ሳምንት ፈጽሜ፣ አሁን ጧሃ ላይ ነኝ።